የቦአ አገሩ የት ነው?

በመደርደሪያው ጠርዝ ላይ በወረቀት ፕላስተር የተለጠፈች ቁራጭ ጽሑፍ አለች። በጥቁር ማርከር «ሆግ አይላንድ 1.2» ተብሎ ተጽፎባታል። የእባብ አርቢዎችን ልማድ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር ወንዶቹን፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው ሴቶቹን ይቆጥራል። አንድ ወንድ፣ ሁለት ሴት ማለት ነው። ከጽሑፏ ሥር ሦስት የፕላስቲክ ሣጥኖች ተደርድረዋል። በየሣጥኑ ውስጥ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል የማያልፍ፣ የበሰለ ኮክ የመሰለ ፈዛዛ ቀለም ያለው እባብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቀለሙ በቀንና በሌሊት መካከል ሳይቀር ይለዋወጣል፤ አንዴ ጠቆር፣ አንዴ ፈካ ይላል። እነዚህን የመሰሉ እባቦች የሚወለዱት አሜሪካ ወይም ጀርመን ውስጥ፣ በአንድ መኖሪያ ቤት ክፍል ነው። ወላጆቻቸውም የተወለዱት እንዲሁ ነው። ያቺ ወረቀት ግን ዘራቸው የመጣው ከሆንዱራስ ሰሜናዊ ጠረፍ ማዶ፣ ካሪቢያን ባሕር ውስጥ ካሉ ትናንሽ ደሴቶች ነው ትላለች።

ወረቀቷ ወድቃ ማንም መልሶ ባይለጥፋት እባቦቹ ምንም አይሆኑም። ይበላሉ፣ ቆዳቸውን ይለውጣሉ፣ ይወልዳሉ። ከዚያች ቀን በኋላ ግን የየት አገር እባብ እንደሆኑ የሚናገርላቸው የለም። በግለሰብ አርቢዎች እጅ ያሉ ቦአዎች የተፈጥሮ ዘራቸው ሳይደባለቅ ሊቆይ ይችላል ወይ? ቢቆይስ ለዱሩ ምን ይፈይዳል? በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የተሠራውንና የተባለውን አገላብጬ ሳይ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደዚያች ቁራጭ ወረቀት ነው። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ እባቡን እንወቀው። እኛ ዘንዶ የምንለው የአፍሪካ ፓይተን እንቁላል ይጥላል፤ እናቲቱም እንቁላሎቿን ታቅፋ ትጠብቃለች። የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካው ቦአ ግን ይወልዳል። እርግዝናው ወራት ይፈጃል። ቀኑ ሲደርስ ሴቷ ልጆቿን አንድ በአንድ ትገላገላለች። እያንዳንዱ ልጅ እርጥብ ላስቲክ በመሰለ ስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ይወጣል። ሽፋኑን በአፍንጫው ገፍቶ ይበሳና የመጀመሪያዋን አየር ይስባል። አንዳንዱ ከሆዱ ሥር ያልተመጠጠ አስኳል አንጠልጥሎ ይታያል። በመካከላቸው ቢጫ ሰም የመሰሉ ያልዳበሩ እንቁላሎች ተበትነው ይገኛሉ። አርቢው ያን ዕለት ሁለት ሥራ አለበት። አንዱ ጨቅላዎቹን ማጠብና መለያየት ነው። ሌላው ደብተር ከፍቶ እናት ማን፣ አባት ማን፣ ስንት ሕያው፣ ስንት ሙት፣ በየትኛው ቀን ብሎ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው እኩል ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ማንም አያየውም፣ ማንም አያመሰግንበትም።

ስዊድናዊው ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 ለቦአ ሳይንሳዊ ስሙን ሲሰጠው በአንድ ስም ጠቅልሎ ነበር። በ1803 ዶዳን የተባለው ፈረንሳዊ የመካከለኛው አሜሪካውን ቦአ ኢምፔራቶር ብሎ ለየው። ከዚያ ወዲህ ባለው ጊዜ ተመራማሪዎች አንዴ ሲለያዩአቸው፣ አንዴ መልሰው ሲያዋህዷቸው ኖረዋል። በ2016 የታተመ ሰፊ የዘረመል ጥናት ደግሞ ቦአ አንድ ዝርያ አለመሆኑን አጠናከረ፦ በደቡብ አሜሪካ ኮንስትሪክተር፣ በመካከለኛው አሜሪካ ኢምፔራቶር፣ በሜክሲኮ የፓስፊክ ጠረፍ ደግሞ ሲግማ። ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ግኝት የደሴቶቹ ድንክ ቦአዎች ጉዳይ ነው። ድንክነቱ አንድ ቦታ ተፈጥሮ ወደ ሌሎች ደሴቶች የተዛመተ አይደለም፤ በተለያዩ ደሴቶች፣ በየራሱ መንገድ፣ በተደጋጋሚ የተፈጠረ ነው። ከሆንዱራስ ካዮስ ኮቺኖስ (የሆግ አይላንድ ቦአዎቹ አገር) የመጣውና ከቤሊዝ ደሴቶች የመጣው ትንሽ ቦአ ቢመሳሰሉም፣ እያንዳንዱ የራሱን ታሪክ የተሸከመ ነው። ሁለቱን በአንድ ሣጥን ማዳቀል «ሁለት ትንንሽ ቦአዎችን ማገናኘት» ብቻ የሚመስለው ይህን ለማያውቅ ሰው ነው።

ድንክነቱ ከምግብ እጥረት የመጣ ይሆን? ይህን የፈተነው ስኮት ቦባክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ነው። ከቤሊዝ ደሴቶችና ከዋናው ምድር የመጡ እናቶች የወለዷቸውን ቦአዎች በአንድ ዓይነት ሁኔታ ሲያሳድጉ፣ የደሴቶቹ ልጆች እኩል እየተመገቡም በዕድገት ወደ ኋላ ቀሩ። ውጤቱ በ2007 ታተመ። ዘር ከልጓም ይስባል እንዲሉ፣ ትንሽነቱ በደማቸው ውስጥ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ የአንድ ደሴት ቦአ ያለ ድብልቅ በሣጥን ውስጥ ሲራባ፣ ከመልክ ያለፈ፣ ደሴቱ በሺህ ዓመታት የሠራው ነገር አብሮት ይቆያል።

የመልክ ጉዳይ ግን ሌላ ገበያ አለው። ባለፉት አርባ ዓመታት ገደማ በአሜሪካና በአውሮፓ የቦአ እርባታ ዋና ገንዘብ የመጣው «ሞርፍ» ከሚባሉት ነው። ሞርፍ ማለት በአንድ ጂን ለውጥ ቀለሙ ወይም ጥለቱ የተለየ እባብ ነው፦ ጥቁር ቀለም የሌለው አልቢኖ፣ የደበዘዘው ሃይፖ፣ ጥለቱ የተቀየረው ሞትሊ። አልቢኖው ከአንድ አካባቢ ደም፣ ሃይፖው ከሌላ አካባቢ ደም ይነሣል። ሁለቱን በአንድ ልጅ ላይ ለማየት የሚፈልግ አርቢ የደሙን ምንጭ አይጠይቅም። እነዚህን እባቦች አልነቅፍም፤ ብዙዎቹ ጤነኞችና በፍቅር የተያዙ ናቸው። ችግሩ በሥነ ሕይወት አንዴ የተደባለቀ ነገር የማይመለስ መሆኑ ነው። የሐረርን ቡና ከሌላ ቡና ጋር አንዴ ፈጭተው ከቀላቀሉ በኋላ ማንም መልሶ ሊለየው አይችልም። የተዳቀለ የሁለት አገር ቦአም እንዲሁ ነው። ባለቤቱ ከሦስት ትውልድ በኋላ «መልኩ ያንን ይመስላል» ብሎ የአንዱን አገር ስም ቢሰጠው፣ ስሙ ብቻ ይመለሳል።

ስሞቹም ራሳቸው ከመጀመሪያው አስተማማኝ አልነበሩም። በንግዱ ዓለም አንድ እባብ በመጣበት ወደብ ስም ሲጠራ፣ ከተያዘበት ጫካ ስም ይልቅ የላኪው አገር ስም ሲለጠፍበት ኖሯል። ለዚህ ቅርባችን ያለ ምሳሌ አለ። በዓለም ዙሪያ በእባብ ወዳዶች ዘንድ «የኬንያ የአሸዋ ቦአ» እየተባለ የሚታወቀው ወፍራም፣ አጭር፣ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚያደባ እባብ የኢትዮጵያ ቆላም ነዋሪ ነው። ሱዳንም፣ ሶማሊያም፣ ታንዛኒያም ይኖራል። በእርባታ በብዛት ተባዝቷል፤ አልቢኖውም ሌላውም ሞርፍ ተገኝቶለታል። ከዚያ ሁሉ ብዛት ውስጥ ግን የትኛው ደም ከየትኛው አገር እንደተነሣ በማስረጃ ሊነገርለት የሚችለው ጥቂት ነው። ስሙ ኬንያ ላይ ቆመና ጥያቄውም እዚያው ቆመ። የእኛ ቆላ የአሸዋ ቦአ ከኬንያው በምን እንደሚለይ አንድ ቀን ማወቅ ብንፈልግ፣ በሺህ የሚቆጠሩት የሣጥን እባቦች አንድ ቃል አይነግሩንም።

እዚህ ላይ የአገራችንን የዘር ባንክ ማስታወስ ግድ ይለኛል። ከ1976 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ የገብስ፣ የስንዴ፣ የጤፍና የሌሎች ሰብሎች ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጣል። እያንዳንዱ ጥቅል ከየት እንደተሰበሰበ የሚገልጽ መረጃ አብሮት አለ፤ ባለሙያዎቹ ይህን መረጃ «ፓስፖርት» ይሉታል። ፓስፖርቱ የጠፋበት ዘር ይበቅላል፣ ግን የማን መሬት ልጅ እንደሆነ አይታወቅም። የቦአ አርቢው ሥራ ከዘር ባንኩ የሚከብደው በአንድ ነገር ነው፤ ዘር ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፣ እባብ ግን አይተኛም። በየትውልዱ መራባት አለበት። በተራባ ቁጥር ደግሞ የሚጎድል ነገር አለ።

የሚጎድለውን በቁጥር ማየት ይቻላል። በእርባታ ላይ ያሉት እንስሳት ውጤታማ ቁጥር፣ ማለትም ዘራቸውን የሚያወርሱት ብዛት፣ አነስተኛ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ትውልድ ከዘረመል ብዝኅነቱ አንድ ለቁጥራቸው እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ያህል ይጠፋል። አምስት እባቦች ብቻ ካሉ በየትውልዱ አሥር በመቶ ይሄዳል፤ ከአሥር ትውልድ በኋላ የቀረው ከመነሻው ሲሶ ብዙም አይበልጥም። ሃምሳ ቢሆኑ ግን በየትውልዱ የሚሄደው አንድ በመቶ ነው፤ ከአሥር ትውልድ በኋላም ከዘጠና በመቶ በላይ ይተርፋል። በአንድ ሰው ክፍል ውስጥ ሃምሳ የአንድ ደሴት ቦአ ማኖር የሚችል ጥቂት ነው። ስለዚህ ብቻውን የሚሠራ አርቢ፣ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ዘሩን ቀስ በቀስ እያጠበበው ይሄዳል። አሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው አምስት ይዘው፣ መዝገባቸውን አንድ አድርገው፣ ወንዶቹን በተራ ቢለዋወጡ ግን ሒሳቡ ይቀየራል። መካነ አራዊቶች ይህን የሚሠሩት የዘር መዝገብ በሚባለው ነው። በግል አርቢዎች ዘንድ መለዋወጡ አለ፤ የጋራው መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ የለም።

ሌላም የማይታይ ጉድለት አለ። አርቢው ከሃያ ጨቅላ መካከል ሦስቱን ለራሱ ሲያስቀር የቱን ይመርጣል? ከሁሉ ይበልጥ ኮክ የመሰለውን፣ ከሁሉ ይበልጥ ረጋ ያለውን፣ በረዶው የቀለጠለት የማቀዝቀዣ አይጥ ሳያመነታ የሚበላውን። በደሴቱ ላይ ግን ይህ ምርጫ የለም። ደብዛዛው፣ ቁጡው፣ ከዛፍ ላይ ወፍ ካልሆነ በቀር የማይበላው ጨቅላ ምናልባት ለደሴቱ ከሁሉ የተሻለ ነበር። የተፈጥሮ ዘር እጠብቃለሁ የሚል ሰው መልኩ የማያምረውንም ልጅ ማስቀረት አለበት። ይህ ለአርቢዎች ከባድ ምክር መሆኑን አውቃለሁ፤ ገዢ የሚከፍለው ለሚያምረው ነውና።

የዘር መዝገብ ለምን በዘረመል ምርመራ መደገፍ እንዳለበት አንድ ገጠመኝ ያሳያል። አንዲት የቦአ ሴት ያለ ወንድ ደም በሁለት ወሊድ 22 ሴት ልጆች ወለደች፤ በ2011 የታተመው የዘረመል ምርመራ አባት አለመኖሩን አረጋገጠ። በሣጥኗ ግን ወንዶች አብረዋት ነበሩ። ያለ ምርመራ ቢሆን ደብተሩ ላይ የአንዱ ወንድ ስም ይጻፍ ነበር፤ ያም ስህተት ከልጅ ወደ ልጅ ይወርድ ነበር።

በእርባታ ውስጥ የተፈጥሮ ዘር ሊቆይ እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስድስት ኪሎ ያለው አንበሳ ግቢ በቂ ነው። ግቢው በ1948 ሲመሠረት የመነሻ አንበሶቹ ሰባት እንደነበሩ ይነገራል፦ አምስት ወንድና ሁለት ሴት፣ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተያዙ። ዘራቸው በዚያው ግቢ ሲራባ ኖሮ፣ በ2012 በታተመ ጥናት ከአሥራ አምስት አንበሶች የተወሰደ የዘረመል ናሙና ሲመረመር፣ ከተነጻጸሩት አንበሶች ሁሉ ተለይተው ተገኙ። ጥቁር ጎፈሬያቸው እስከ ደረትና ሆድ ድረስ የሚወርድ መሆኑን ያየ ሁሉ ልዩ መሆናቸውን ይገምት ነበር። ያረጋገጠው ግን የላቦራቶሪው ሥራ ነው። ጥናቱን የሠሩት ሰዎች የተለየ የእርባታ ዕቅድ እንዲነደፍ መክረዋል። ሰባት መሥራቾች፣ ከስድሳ ዓመት በላይ ጠባብ ግቢ፣ ግን ከሌላ አገር አንበሳ ጋር አለመደባለቅ፤ ይህ አለመደባለቅ ነው ዘሩን ያዳነው። ከቦአ አርቢዎች ሥራ ጋር ያለው መመሳሰል ለእኔ በጣም ቅርብ ነው። ልዩነቱም መረሳት የለበትም፤ የአንበሳ ግቢው ታሪክ መዝገቡ ሙሉ ቢሆን ኖሮ፣ መሥራቾቹ ከየት ቀበሌ እንደተያዙ ዛሬ «ይነገራል» ባላልን ነበር።

ታዲያ የሣጥን እባብ ወደ ዱር ተመልሶ ያውቃል ወይ? ያውቃል፤ ግን መልሱን በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል። በቨርጂን ደሴቶችና በፖርቶ ሪኮ የሚኖር፣ ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ቀጭን ቦአ አለ። ከውጭ የገቡ አይጦችና የሰው ግንባታ ቁጥሩን አመናመኑት። በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ መካነ አራዊት ከ1980ዎቹ ጀምሮ አራባው። ከ1993 ጀምሮ ወደ 40 የሚሆኑ እባቦች ካዮ ራቶኔስ በተባለች፣ ከፖርቶ ሪኮ አጠገብ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ተለቀቁ። የስሟ ትርጉም በስፓኒሽ ከአይጥ ጋር የተያያዘ ነው፤ እባቦቹ ከመምጣታቸው በፊት አይጦቹ ተጠርገው ጠፍተው ነበር። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ቁጥራቸው በመቶዎች ተገመተ። ይህ በእርባታ የተሳካ ሥራ ነው። ግን የሠሩት የዘር መዝገብ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የመንግሥት ፈቃድ፣ የደሴት ጽዳትና የዓመታት ክትትል ያላቸው ሰዎች ናቸው። በመኖሪያ ቤት ክፍል የተወለደ እባብ እዚያ ቦታ አልነበረውም።

የሞሪሺየሱ ራውንድ ደሴት ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። ሁለት ልዩ የቦአ ዘመዶች በዚያች ደሴት ላይ ብቻ ቀርተው ነበር። ፍየሎችና ጥንቸሎች ዕፅዋቱን ሲጨርሱ አፈሩ ተጠርጎ ወደ ባሕር ወረደ። መሬት ቆፋሪው እባብ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1975 ነው፤ ዛሬ የለም። ሌላኛውን የጀርሲ መካነ አራዊት መሥራች ጄራልድ ዳረልና ባልደረቦቹ እዚያው ማራባት ጀመሩ። ማራባቱ ቀላል አልነበረም፤ ጨቅላዎቹ ተንቀሳቃሽ እንሽላሊት እንጂ ሌላ መብላት እምቢ ይሉ ነበር። እባቡን ያዳነው ግን በመጨረሻ ያ ሣጥን ብቻ አልነበረም። ፍየሎቹ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ጥንቸሎቹ በ1986 ከደሴቱ ተወገዱ። ሣሩና ዘንባባው ተመለሰ፣ እንሽላሊቱ በዛ፣ እባቡም በዛ። በ2012 ወደ ሌላ ደሴት እንዲዛወር ሲወሰን፣ የተወሰደው ከራሱ ከራውንድ ደሴት ዱር ነበር። እርባታው መድን ነበር። መድን የሚያስፈልገው ቤቱ ቢቃጠል ነው፤ እነሱ ግን ቤቱን ከእሳት አዳኑት።

በግል አርቢዎች ዘንድ አንድ ሐሳብ አለ፤ በቅንነት የሚነገር፣ ግን ሊቆም የሚገባው። «አንድ ቀን ዱሩ ሲያልቅ የእኔን እባቦች እንለቃለን» ይላል። ለምን አይሆንም? የመጀመሪያው መልስ በሽታ ነው። ኢንክሉዥን ቦዲ የሚባል የቦአና የፓይተን በሽታ አለ። የታመመ ቦአ የበላውን ይመልሳል፣ ሚዛኑን ያጣል፣ ራሱን ወደ ላይ አቅንቶ ጣሪያውን እያየ ይቀራል። መንስኤው ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ኖሮ በ2012 ከአሬናቫይረስ ዘር የሆነ ቫይረስ መሆኑ ተጠቆመ። ክፋቱ ብዙ ቦአዎች ቫይረሱን ተሸክመው ለዓመታት ጤነኛ መስለው መኖራቸው ነው። ከእናት ወደ ልጅም ይተላለፋል። አንድ ጤነኛ የሚመስል የሣጥን ቦአ ንጹሕ ደሴት ላይ መልቀቅ ማለት በደሴቱ ላይ እሳት መልቀቅ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መልስ ቦአ በማይገባበት ቦታ ምን እንደሚያደርግ አስቀድመን ማየታችን ነው። በሜክሲኮዋ ኮዙሜል ደሴት በ1971 ከአንድ የፊልም ሥራ ጋር በተያያዘ ጥቂት ቦአዎች ተለቀቁ፤ ዛሬ ደሴቱ በቦአ ተሞልቷል፣ ወፎቹና ትናንሽ እንስሳቱም ተጎድተዋል። አሩባ ላይ ከ1999 ጀምሮ እየተባዛ ነው። ፖርቶ ሪኮ ውስጥም በማያጉዌዝ ዙሪያ ሥር ሰዷል። ያለ ፈቃድ የሚለቀቅ እባብ፣ ባለቤቱ «ወደ ዱር መለስኩት» ቢልም፣ የማንም ዱር አይደለም።

ሕጉን በአጭሩ ልለፈው። የቦአ ቤተሰብ አባላት ሁሉ ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሥር ናቸው፤ የአርጀንቲናው ቦአ ደግሞ በጥብቁ የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ ነው። ኢትዮጵያም ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። አሜሪካ የእኛን ዘንዶ ጨምሮ ትላልቅ እባቦችን በ2012 ጎጂ ብላ ወደ አገሯ እንዳይገቡ ስታግድ፣ በቦአ ኮንስትሪክተር ላይ የቀረበውን ሐሳብ በ2015 ሳትቀበል ትታዋለች። ሕጉ «በእርባታ የተወለደ» ለሚለው ቃል ትልቅ ቦታ ይሰጣል። ያ ቃል ግን የሚታመነው ከጀርባው እውነተኛ መዝገብ ሲኖር ብቻ ነው። በ2011 የታተመ ጥናት ከኢንዶኔዢያ በእርባታ ተወልደዋል ተብለው ወደ ውጭ ከሚላኩት አረንጓዴ ፓይተኖች ቢያንስ ሰማንያ በመቶው ከዱር የተያዙ እንደነበሩ አሳይቷል። ወረቀቱ ሲዋሽ የተፈጥሮ ጥበቃው ሁሉ ከሥሩ ይናዳል። ሐቀኛው አርቢም የሚከራከርበት ያጣል።

ታዲያ የግል አርቢው የተፈጥሮ ዘርን ያለ ድብልቅ ቢያቆይ ምን ጥቅም አለው? እኔ ሁለት ጥቅም ይታየኛል። አንደኛው፣ የሆግ አይላንድ ቦአ የሚፈልግ ሰው ከአርቢ ጨቅላ ማግኘት ከቻለ፣ ማንም ሰው ጀልባ ተከራይቶ ወደ ደሴቱ የሚሄድበት ምክንያት ይቀንሳል። ሁለተኛው እውቀት ነው። ድንክነት በደም እንደሚወረስ፣ ያለ አባት ወሊድ እንዳለ፣ ቫይረሱ ከእናት እንደሚተላለፍ ያወቅነው በሣጥን ካሉ እባቦች ነው። ግን ሁለቱም ጥቅሞች የሚቆሙት በመዝገቡ ላይ ነው። አገሩ ያልታወቀ ወይም የተዳቀለ እባብ ለገበያውም ለሳይንሱም ያንን ሥራ አይሠራም። በእኔ እምነት የአንድ አርቢ ትልቁ ሥራ መዝገቡን ከራሱ ዕድሜ አስበልጦ ማቆየት ነው። ቦአ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። በፊላደልፊያ መካነ አራዊት የነበረው ፖፓይ የተባለ ቦአ በ1977 ሲሞት ከ40 ዓመት በላይ ኖሯል። አርቢው ሲያረጅ ወይም ሲሞት እባቦቹ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለነጋዴ ይበተናሉ። ደብተሩ ከልብሱ ጋር በካርቶን ይታሸጋል። ከስንት ሰው ስብስብ የተረፈው ስም ብቻ ነው። ይህን ነገር ሳስብ ልቤ ያዝናል፤ ሠላሳ ዓመት የተደከመበት ሥራ በአንድ የቀብር ሳምንት ያልቃልና። ቅጂው በሌላ አርቢ፣ በመካነ አራዊት፣ በዩኒቨርሲቲ እጅ እንዲቀመጥ ማድረግ ግን ውድ ነገር አይደለም። ከተለወጠ ቆዳ ቁራጭ ዘረመል ማንበብም ዛሬ ይቻላል።

ወደ ካዮስ ኮቺኖስ ልመለስ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቦአዎቹ ለቤት እንስሳ ንግድ በብዛት ተለቅመው ተወሰዱ። በአርቢዎች ዘንድ «በደሴቱ አልቋል፣ የቀረው በእኛ እጅ ያለው ነው» የሚል ወሬ ለዓመታት ሲነገር ኖሯል። በ1993 ደሴቶቹ ጥበቃ ሲደረግላቸው፣ በ2003 ደግሞ የተጠበቀ የባሕር የተፈጥሮ ቅርስ ተብለው ሲሰየሙ፣ የጥበቃ ሠራተኞች ተመደቡ። ጥበቃው ለሁሉም እኩል አልነበረም፤ በቻቻዋቴ ደሴት የሚኖሩት፣ ጋሪፉና የተባለው ሕዝብ ዓሣ አጥማጆች በሕጉ ኑሯቸው ጠቦባቸዋል፣ ቅሬታቸውም መሠረት ነበረው። የእባቡ ጥበቃ ዋጋ በማን ጫንቃ ላይ እንደወደቀ መረሳት የለበትም። ተመራማሪዎች ደሴቶቹን ሲያጠኑ ግን ቦአዎቹ አለመጥፋታቸውን አገኙ። ከለቀማው የተረፉት፣ ማንም ሣጥን ሳይገዛላቸው፣ በዛፎቹ ላይ ተባዝተዋል።

ዛሬ ከእነዚያ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በካዮ ሜኖር ጫካ ውስጥ ተመራማሪዎች ቅርንጫፍ ላይ የተኛ ፈዛዛ ቦአ ሲያገኙ ይይዙታል፣ ርዝመቱን ይለካሉ፣ ይመዝኑታል። ከቆዳው ሥር የሩዝ ፍሬ የምታክል ቺፕ ያኖሩለታል። ቁጥሩን፣ ቀኑንና የተያዘበትን ቦታ በደብተር ይጽፋሉ። ከዚያ እባቡን ይዘው ወደ ተገኘበት ዛፍ ይመለሱና ቅርንጫፉ ላይ ይለቁታል።